የታርንዌል ቤት ቁልፎች

ሰር ላዮኔል ሃቨርጋል ሞቶ የተገኘው በራሱ ክፍል ሳይሆን በሚስቱ አልጋ ላይ ነበር። እህቱን ሚስ ኦገስታን ከሞቱ እኩል ያሳፈራት ይኸው ይመስላል፤ ሬሳው ወደ ክፍሉ ይወሰድልን ብላ ሁለት ጊዜ ለመነች።

ዳኛው አምብሮዝ ክሩ እሺ አላላትም። ራስጌው ላይ ባዶ ብርጭቆ ነበር። ሐኪሙ ሥሩ ላይ የቀረው ነጭ ዝቃጭ የአይጥ መርዝ መሆኑን አረጋግጧል። መጠጡ ለሚስቱ ለሄስተር ሳል ተብሎ በየማታው የሚቀመጥ የገብስ ውሃ ነው። መርዙ የሚቆለፍበት ጓዳ ቁልፍም ያለው በሄስተር ወገብ ላይ ነው። ባሏን የገደለች ሴት በሕጉ በእሳት ትቃጠላለች፤ የሳልዝበሪ እስር ቤት ሠረገላም ከሰዓት በኋላ ይመጣል።

ክሩ በመጀመሪያ ያነጋገረው ሄስተርን ነበር። ከወር በፊት የዚህ ቤት እመቤት እስክትሆን ድረስ በአባቷ የመንገደኞች ማረፊያ ቢራ ትቀዳ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ከዶሮ ጋር መነሣት ስለለመደች ጠዋት ወተት ቤት ወርዳ ነበር፤ ስትነሣ ባሏ የተኛ መስሏታል።

«ውሃውን ለምን አልጠጡትም?»

«እንቅልፍ ቀደመኝ። ሌሊት ሲጠማው እሱ ጠጥቶት ይሆናል» አለች። «የኔን ሁሉ ይጋራ ነበር።»

ገረዷ ዶርካስ ሙቅ ውሃ ይዛ ስትገባ ነበር ሬሳውን ያገኘችው። አንዴ ጮኻ እዚያው ደርቃ ቀረች።

«ጌቶች በየማታው እዚህ ነው የሚያድሩት» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እንደ ገበሬ ከሚስቱ ጋር ያድራል ተብሎ እንዳይሳቅባቸው፣ ሰው ያልተኛበትን የሳቸውን አልጋ ጠዋት ጠዋት የማመሰቃቅለው እኔ ነኝ። ከኔ በቀር ያወቀ የለም።»

ሻምበል ሞስቲን የሟቹ ጓደኛና የቤቱ እንግዳ ነበር። ሄስተርን ቀድሞ ያያት እሱ መሆኑን አልደበቀም።

«ላዮኔልን አባቷ ማረፊያ የወሰድኩት እኔው ነኝ፤ የማገባትን ሴት እይልኝ ብዬ። አየልኝና ወሰዳት» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

ክፍሉ ከሰር ላዮኔል ክፍል ፊት ለፊት ነው። የዶርካስን ጩኸት ሰምቶ በሩን ሲከፍት ኦገስታ የወንድሟን በር እያንኳኳች «አይዞህ ወንድሜ፣ ጠንክር፣ እኔ አለሁልህ» ስትል አገኛት። ወዲያው ሄስተር ደረጃውን በሩጫ ስትወጣ ኦገስታ ዐይኗ ፈጦ ወለሉ ላይ ተዘረረች። ምስኪን፣ ወንድሟን ምን ያህል ብትወደው ነው አለ ሻምበሉ።

ኦገስታ ራሷ የተናገረችው ስለ ቁልፉ ብቻ ነበር።

«እናታችን ከሞተች ጀምሮ በኔ ወገብ ላይ ነበር። በሠርጉ ማግስት፣ አሽከሮች እያዩ፣ ወንድሜ ፍቺና ስጫት አለኝ። እራት ስንገባ እንኳ የምትቀድመኝ እሷ ናት። እጅ ስትነሣ አይተዋታል? ምን ልታዘዝ የምትል ነው የምትመስለው። አሁን ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ይመልከቱ።»

ክሩ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው።

«ባሏን መግደል የምትፈልግ ሚስት ምናልባት ይጠማው ይሆናል ብላ በራሷ ብርጭቆ መርዝ አትጨምርም» ብሎ ጀመረ። «የታሰበው የእመቤት ሄስተር ሞት ነው። ይህን ያደረገው ሰው ሰር ላዮኔል እዚያ እንደሚያድር አያውቅም። ዶርካስ ታውቃለች፤ ስለዚህ እሷ አይደለችም።»

«እንግዲያው እኔና ኦገስታ ቀረን» አለ ሻምበሉ።

«እርስዎ የነገሩኝ ለየው።» ክሩ ወደ ኦገስታ ዞረ። «ጩኸቱ የተሰማው ከእመቤት ሄስተር ክፍል ነው። ሰው መሞቱን ከዶርካስ በቀር ማንም አያውቅም ነበር። እርስዎ ግን ወደዚያ አልሄዱም፤ ወንድምዎን ሊያጽናኑ ሄዱ። በምን ነበር የሚያጽናኑት?»

ጥያቄውን ራሱ መለሰው።

«ሚስቱ በመሞቷ ነበር። ከዚያ ሞታለች ያሏት ሚስት ደረጃውን ወጣች። ሌላው ሁሉ የደነገጠው በሟቹ ነው፤ እርስዎ ግን በሕይወት ባለችው ደነገጡ።»

«ቁልፉ እሷ ጋ ነው» አለች ኦገስታ ቀስ ብላ።

«ከማስረከብዎ በፊት ጥቂት መርዝ ለማስቀረት ጊዜ ነበረዎት።»

ኦገስታ ዳኛውን ትታ ገረዷን ተመለከተች።

«በየማታው?»

«አዎ፣ እሜቴ።»

«ጠዋት ጠዋት ክፍሉ ገብቼ አልጋውን አየው ነበር» አለች ኦገስታ። «ብቻውን ያደረ መስሎኝ ልቤ ደስ ይለው ነበር።»

ውጭ የሳልዝበሪ ሠረገላ ጠጠሩን እያንኮሻኮሸ ደረሰ። ሄስተር ተነሥታ ቁልፎቹን ከወገቧ ፈታችና በኦገስታ ጭን ላይ አስቀመጠቻቸው።

«እትዬ ኦገስታ» አለች፣ «ቢጠይቁኝ ኖሮ እሰጥዎት ነበር።»