የበዕውቀቱን ጣት ያሰረው

በዕውቀቱን ጓሳ የሚባለው የሕዝብ ሣር ሜዳ ጫፍ፣ ገደሉ ሥር ሞቶ ያገኘው ፋንታሁን ነው። ሁለቱ ደግሞ በእርሻ ወሰን ስንት ዓመት የተኳረፉ ናቸው። በቃ፣ አገሩ ሁሉ «ገፍቶት ነው» አለ፤ ፋንታሁንም መሐል ሜዳ ከተማ ታሰረ። ነገ ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት ይላካል፤ እዚያ ከሄደ ማን ያምነዋል?

የከተማው ፖሊስ አዛዥ ኢንስፔክተር ውባየሁ ግን ነገሩ አልጣማቸውም። እሳቸው እኮ በፊት ድንበር ላይ ወታደር ነበሩ። ሰባት ጓደኞቻቸውን ምሽግ ውስጥ ሳይገንዙ ጥለው ነው ያፈገፈጉት። ሰባቱ እስከዛሬ ቢሯቸው ይመጣሉ፤ ግድግዳውን ተደግፈው ዝም ብለው ያዩዋቸዋል። ለዚህ ነው ሬሳ ሲያዩ መጀመሪያ እግሩን የሚያዩት።

የበዕውቀቱ ጫማ ወልቋል፤ ሁለቱ አውራ ጣቶቹ በጥቁር የሱፍ ክር አንድ ላይ ታስረዋል። ሰው ሲሞት ይታሰራል፣ ወግ ነው፤ ስለዚህ ማንም ልብ አላለውም። ማን እንዳሰረው ሲጠይቁ ግን ሁሉም ሌላ ሰው ያሰረው መስሎታል። ፋንታሁን «ሳገኘውም ታስሮ ነበር» ብሎ ቢምል ሳቁበት።

ኢንስፔክተሩ ፋንታሁንን፣ የሟቹን ሚስት ተሾመችንና ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ የሚሸምነውን ታናሽ ወንድሙን አፈወርቅን ቢሮ ሰበሰቡ። ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ዘረጉ፤ ክር ሰጧቸው።

«በሉ፣ በየተራ ገንዙኝ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ሟርት ነው» አለች ተሾመች።

«ግድ የለሽም፣ ለምጄዋለሁ።»

ተሾመች አማትባ አሰረች። ፋንታሁን በሬ የሚጠምድ ይመስል ጠፈራቸው። «ቀስ! ገና አልሞትኩም» አሉት። አፈወርቅ ሲያስር ግን ጎንበስ ብለው ክሩን አዩ።

«ጠላት ገድሎ አይገንዝም» አሉ። «ያሰረው የሚወደው ሰው ነው። የሚወደው ከሆነ ለምን አልጮኸም? እጁ ስላለበት። ሬሳው ላይ ያለችው ቋጠሮ ደግሞ ይቺው ናት፣ ሸማኔ የተበጠሰ ክር የሚቀጥልባት። እጅህ ሳታዘው ነው የቋጠራት፣ አፈወርቅ።»

አፈወርቅ አልካደም። ጓሳው ለአጨዳ ገና ሳይከፈት ወንድሙ ተደብቆ ሳር ሲያጭድ አገኘው። የሕዝብ ሳር ነው፣ ተው ብሎ ነዶውን ያዘ። ሲጓተቱ ቆይተው በንዴት ለቀቀው፤ በዕውቀቱ ከነሳሩ ወደ ኋላ ገደል ገባ። አፈወርቅ ወርዶ ሲደርስ አልቆለታል። ፋንታሁን ሲያዝ ደግሞ ፈርቶ ዝም አለ።

«ሳላስረው ብሄድ ኖሮ አያገኙኝም ነበር፣ አይደል?»

«አላገኝህም ነበር።»

አፈወርቅም «እንደሱማ ትቼው አልሄድም» አለ።

ለፋንታሁን በሩ ተከፈተለት። እሱ ግን ቶሎ አልወጣም፤ ሄዶ አፈወርቅ አጠገብ ተቀመጠ።