ከነጩ ድንጋይ ወዲያ

ሙቻኔታ ጋሪካይን ያወቀችው በአባቷ ብስክሌት ሰበብ ነው። ጎማው ተንፍሶ ማሮንዴራ ከተማ ገበያ ዳር ወዳለው ጠጋኝ ወሰደችው። ጠጋኙ ልጅ ጎማውን ትቶ እሷን እሷን ሲያይ ጊዜ፣

«ቀዳዳው እኔ ላይ ነው እንዴ?» አለችው።

ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ያ ጎማ በየሳምንቱ ይተነፍስ ጀመር። የምታስተነፍሰው ራሷ ነበረች።

አባቷ ነጭ ለብሶ ሜዳ ላይ የሚጸልየው የነጭ ለባሾቹ ማኅበር ሰው ናቸው። እዚያ አባት ለልጁ ባል አይመርጥም፤ የማኅበሩ ነቢይ በራእይ ያያል፣ አባት እሺ ይላል። ባል የታየላት ልጅ ከአባቷ እጅ ውሃ ተቀብላ የሰውየውን እግር በሕዝብ ፊት ታጥባለች። አንዴ እግሩ ከታጠበ ጋብቻው ጸንቷል፤ ነቢዩም አይሽረውም።

ለሙቻኔታ የታየላት ሦስት ሚስት ያለው ሽማግሌ ነው።

«አባባ፣ ሰውየው እኮ የእርስዎ እኩያ ነው!»

«እኔ ምን ላድርግ? ታይቷል።»

«እርስዎስ? እርስዎ ምን አዩ?»

አባቷ ምሳቸውን ሳይነኩ ተነሡ።

ቅዳሜ ዕለት ሕዝቡ ጫማውን አውልቆ በነጭ ድንጋይ በተከበበው የጸሎት ሜዳ፣ ከዛፍ ስር ተቀመጠ። ጋሪካይ ከድንጋዩ ወዲያ ቆሟል፤ መቆሚያ መቀመጫ አጥቷል። አባቷ የውሃውን ማሰሮ አቀበሏት።

ሽማግሌው እግሩን ዘርግቶ ይጠብቃል። አልፋው ሄደች። ድንጋዩን ተሻገረች።

«ጫማህን አውልቅ።»

«እ?»

«አውልቅ እንጂ! ሊደርሱብኝ ነው።»

የጫማው ክር ተቋጠረበት።

«ጎማ ሲሆን ትፈጥናለህ!» ብላ ተንበርክካ በጥርሷ ፈታችው። ውሃውን አፈሰሰችበት፤ እግሩን በሁለት እጇ አሸችው።

«አንተ አባት!» ጮኸ ነቢዩ። «ልጅህን መልስ!»

አባቷ ድንጋዩ ድረስ መጡ። ልጃቸውን አዩ። የራሰውን እግር አዩ።

«ታጥቧል» አሉ። «ውሃውን የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

ሙቻኔታ የውጭ ሰው አግብታ ከማኅበሩ ወጣች፤ የወጣን ሰው ማነጋገር ደግሞ ክልክል ነው። ስለዚህ አባትና ልጅ ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። የጋሪካይ ሚስት ሆና፣ ከጥገና ሱቁ ደጃፍ ቲማቲም ትሸጣለች።

ብቻ በየሳምንቱ ያ ብስክሌት ጎማው ተንፍሶ ይመጣል። ጋሪካይ ቀዳዳ ይፈልጋል፣ ያጣል። አባቷ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ልጃቸውን ያያሉ።

«ቀስ ብለህ ንፋው» ትለዋለች ባሏን።