ዳኛዋና የግድግዳው ሰዓት

የባርኔጣ ሰፊው ልጅ ሰው አይጥማትም። ሰፈሩ ስሟን ትቶ «ዳኛዋ» የሚላት ያለ ነገር አይደለም። አባቷ ሱቅ በር ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚውን በዓይኗ ትመዝናለች፤ ተመዝኖ የሚያልፍላት የለም። ያኛው አረማመዱ የዳክዬ ነው፤ ያቺኛዋ ስትስቅ ዘይት ያልተቀባ በር ትመስላለች። የሚገርመው፣ እንዲህ የናቀችውን ሕዝብ እርስ በርስ ማጋባት ትወዳለች። ለራሱ መምረጥ የሚችል ሰው አለ ብላ አታምንም።

የዚያን ሰሞን ተረኛዋ አብራት ያደገችው ያክስቷ ልጅ ነበረች፤ ሱቁ ውስጥ ተቀምጣ ባርኔጣ ላይ ሪባን የምትሰፋ ዝምተኛ ልጅ። ልጅቷ በጋሪ ዳቦ የሚያዞረውን ጋጋሪ ትወዳለች።

«ጋጋሪ?» አለች ዳኛዋ ከንፈሯን ጣል አድርጋ። «ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት የለበሰ ሰው? አንቺ እንደሆንሽ የመጣ ሁሉ ይበቃሻል።»

«ደግ ነው» አለች ያክስቷ ልጅ ከስፌቷ ቀና ሳትል።

«በሬም ደግ ነው።»

ዳኛዋ የመረጠችላት ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሰዓት ሠሪ ነው። እሱንም ቢሆን ትንቀዋለች፤ ኩራተኛ ነው፣ ጥርሱን ለሰው አይገልጥም። ግን ኮቱ ንጹሕ ነው፤ ለዝምተኛዋ ይበቃታል። ችግሩ ሰውየው ባርኔጣ አያደርግም፤ ሱቃቸውን የሚረግጥበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ አባቷ ጨርቅ ሊገዛ ሲወጣ በርጩማ ላይ ትወጣና የግድግዳውን ሰዓት ተወዛዋዥ ፔንዱለም በጣቷ ያዝ ታደርገዋለች። ሰዓቱ ቀጥ ይላል።

«ይኼ እርጉም ደግሞ ቆመ?» ይላል አባቷ ሲመለስ። «ሂጂ ያንን ልጅ ጥሪው።»

ሰዓት ሠሪው መሣሪያውን ይዞ ይመጣል። ያክስቷ ልጅ ከሪባኗ ቀና ስለማትል ማጫወቱ ለዳኛዋ ይቀራል።

«ዛሬም ካበላሸኸው ሌላ እንጠራለን» ትለዋለች። «ሰዓት ሠሪ የሚሉህ ሌላ ሠሪ አይተው ስለማያውቁ ነው።»

«አንቺስ? ቆንጆ የሚሉሽ ምን አይተው ይሆን?»

ቆንጆ መባሏን ብቻ ይዛ ትቀራለች። እሱ የማይመጣበት ቀን ሱቁ ይጠባታል፤ መርፌ እጇን ይወጋታል፤ ደንበኛ ታመናጭቃለች። ጥፋቱን ሁሉ በዝናቡ ታሳብባለች። የሰውን ልብ ከፊቱ ላይ አነባለሁ ባይዋ፣ የራሷን ፊት አላየችም። የባርኔጣ ሱቅ እኮ ነው፤ ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰውየው የሰዓቱን መስታወት ከዘጋ በኋላ አልሄደም።

«የባቡር ጣቢያ ሰዓቶችን እንድጠግን ከሩቅ ከተማ ጠርተውኛል» አላት። «ልሂድ ወይስ ልቅር? አንቺ ምን ትያለሽ?»

ዳኛዋ ይህን ቀን ስትጠብቅ ነው የኖረችው። «አግብተህ ሂድ» አለችው። «ያክስቴን ልጅ ውሰዳት። ሁለታችሁም እንጨት ናችሁ፤ ትስማማላችሁ።»

ሰዓት ሠሪው ስፌቷ ላይ ያቀረቀረችውን ልጅ ዞር ብሎ አያት።

«ለእሷ ነበር?» አለ።

«ምኑ?»

«በርጩማ ላይ ስትወጪ ከሱቄ መስኮት ይታየኛል። ፔንዱለሙን ስትይዢም አይቻለሁ። እኔ ጅሉ ደግሞ፣ ለራስሽ የምትጠሪኝ መስሎኝ እሮጥ ነበር።» መሣሪያውን ሰበሰበ። «ሰውን እንደ ሰዓት የምትነካኪ ልጅ መውደዴ ይቆጨኛል። ነገ እሄዳለሁ።»

ከወጣ በኋላ ያክስቷ ልጅ ክሯን በጥርሷ በጠሰች። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» አለች፣ ያቺ ዝምተኛ። «እኔና ጋጋሪው ካባባ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል። ላንቺ ያልነገርንሽ እንዳትፈርጂብን ነው።»

ዳኛዋ ክው አለች። ሌሊቱን እንቅልፍ ባይኗ አልዞረም።

በማግስቱ የሰዓት ሠሪውን ሻንጣ የጫነ የፈረስ ጋሪ ደጅ ቆሟል። ሰዓት ሠሪው አባቷን ሊሰናበት ገባ፤ እሷን ዘወር ብሎም አላያት።

«ሰዓታችንን እንግዲህ ማን ይሠራልናል?» አለ አባቷ።

«ሰዓትዎ ጤነኛ ነው» አለ። «ደህና ይሁኑ።»

ያኔ ዳኛዋ በርጩማውን ጎተተች። አባቷ እያየ፣ ያክስቷ ልጅ እያየች፣ ዳቦ ይዞ የገባው ጋጋሪም ቅንድቡን ከነዱቄቱ ሰቅሎ እያየ፣ ወጥታ ፔንዱለሙን ያዘች።

«ቆሟል» አለች።

«ልጄ፣ ምን ነካሽ?» አለ አባቷ።

«ቆሟል አባባ። ጥራው።»

ሰዓት ሠሪው በሩ ላይ ዞረ። «ለማን?» አላት።

የጋጋሪው መሳለቂያ መሆኗ ገባት። ትናንት ቢሆን ከዚህ ሞት ትመርጥ ነበር።

«ለኔ» አለች። «እወድሃለሁ። ስሰድብህ የከረምኩት እየመለስክልኝ እንድትቆይ፣ እንዳትሄድብኝ ነው።»

ሰውየው ፈገግ አላለም፤ እንዲህ በቀላሉ አይለቃትም። ሻንጣውን ከጋሪው አውርዶ እስኪመለስ ድረስ እዚያው በርጩማው ላይ አቆማት። ከዚያ መጥቶ እጇን ይዞ አወረዳት።

ሰዓቱ ቀኑን ሙሉ እንደቆመ ዋለ። ሠሪው አጠገቡ ነበር፤ እጁን ግን አልለቀቀችለትም።