የግራው መርገጫ

ሸማኔው ሻንቆ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ በየማለዳው ሥራ የሚጀምረው ሚስቱ አስካለ ግራ እግሩን በሁለት እጇ አንስታ ከሽመና ዕቃው ስር ያለው ጉድጓድ ውስጥ ስታስገባለት ነው። ቀኙን ራሱ ያወርዳል። ከዚያ የጉድጓዱ አፍ ላይ ይደላደልና፣ የተወጠረው ድር ታቹን ሁሉ ስለሚጋርድበት፣ እንደ ወትሮው ድሩን የሚከፍቱትን ሁለት መርገጫዎች በዓይኑ ሳይሆን በእግሩ ይፈልጋቸዋል።

ጭንቅላቱ ውስጥ የፈሰሰችው ደም ምስር እንደምታህል ሐኪሙ ነግሮታል። ያቺ ምስር እጁን በወሩ መለሰችለት፤ እግሩን ግን አስቀረችበት። ካላየው የት እንዳለ አያውቅም፣ ቢነኩትም አይሰማውም። ጎረቤት "እግዜር ይማርህ" ሲለው "አሜን" ይላል እንጂ ብዙም አያዝንም፤ ሐዘኑም አብሮ የደነዘዘ ይመስላል። የሚያንገበግበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልጁ የሰላማዊት የሠርግ ቀሚስ። ሌላ ሰው አንዲት ክር እንዳያስገባበት ገና ስትወለድ ምሏል፤ ሠርጉ ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

መጀመሪያ የግራው መርገጫ አልወርድ አለ። በአራተኛው ቀን ወረደ። እግሩ ምንም ሳይሰማው ድሩ ሲከፈት ያየው ሻንቆ እንባው መጣ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ቀና። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከዝናቡ ስር የመርገጫዎቹን ቀጭ ቀጭ እያዳመጠ ይሠራል፤ ከጉድጓዱ የእርጥብ አፈርና ለብዙ ዓመት ተዘግቶ የኖረ ሣጥን ሽታ ይወጣል። ሰነባብቶ ግራው ገና ሳያስበው ቀድሞት ይወርድ ጀመር። እጁ የዘገየ እንደሆነ ደግሞ መርገጫው እንደሚያቻኩል ሰው ሁለት ጊዜ ነካ ነካ ይላል። ሲመሽ አስካለ እግሩን ስታጥበው ቀኙ የጉድጓዱን ጭቃ ለብሶ ይወጣል፤ ግራው ንጹሕ ነው።

"ግራውን ምነው አፈር አይነካውም?" አለችው አንድ ቀን።

"እሱ እንግዳ ነው፣ ቆሻሻ አይወድም" ብሎ ቀለደ።

ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው አስካለ ማልዳ ገበያ ሄደች። ሻንቆ አልጠበቃትም። በመቀመጫው እየተጎተተ ሄዶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠ፣ ብርድ ስለነበረ ጋቢውን ወገቡ ላይ ጣለና ጀመረ። የቀረው አንድ ስንዝር ጥለት ነበር። መርገጫዎቹ ሳይሳሳቱ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ በደህና ጊዜው እንኳ እንዲህ ፈጥኖ አያውቅም።

አስካለ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

"ማን አስገባህ?"

"ማን ያስገባኛል? ራሴ ነኝ። እግሬ ተመልሷል አላልኩሽም? ይኸው ስሚው።"

ሰማችው። ዘንቢሏን አስቀምጣ ተጠጋችና ጋቢውን ከጎኑ ገለጥ አደረገች። ግራ እግሩ ከጉድጓዱ ውጭ፣ ሰሌኑ ላይ ታጥፎ ተኝቷል።

ሻንቆ እግሩን አፍጥጦ አየው። መጮኽ እንዳለበት ገባው፤ ጩኸቱን ግን ከየት እንደሚያመጣው አጣ። ዓይኑን ወደተጠቀለለው ቀሚስ መለሰ፤ ከአራተኛው ቀን ወዲህ ብቻውን ያስገባው ክር አልነበረም።

"ውጣ፣ በማርያም ውጣ" አለች አስካለ በሹክሹክታ።

ቀኝ እግሩን ሊያነሳ አሰበ፤ የት እንዳለ አላወቀም። ከታች የግራው መርገጫ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አለ፤ እጁም እንደለመደው መወርወሪያውን ወረወረ።