የጁምዓ ውሃ

ውሃ ወዴት እንደሚወርድ ኡሙሰልማ አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጣ ተምራለች። ውሃ መቼ እንደሚወርድ ያስተማራት ግን አንድ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ኤሌክትሪሻን ነው። ዛሬ ይህን ስታስታውስ ትስቃለች። ያኔ ግን መሳቅ ይቅርና ንዴቷ አላስተኛ ብሏት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ ዳር ሁለት መቶ አባላት ያሉት የቤት ማህበር መሬት ተሰጠው። መሬቱ ለቤት መልካም፣ ለፍሳሽ ግን መከራ ነው፤ ከዋናው የፍሳሽ መስመር ዝቅ ብሎ የተኛ ነው። ስለዚህ ከየቤቱ የሚወጣው ሁሉ ታችኛው ጥግ ላይ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀምና በፓምፕ ተገፍቶ ሽቅብ ይወጣል። የጉድጓዱንና የፓምፖቹን ንድፍ እንድትሠራ ደሴ ያለው መሥሪያ ቤቷ የላከው ኡሙሰልማን ነበር። «ይህችን ሥራ አሳምሪና ቋሚ ትሆኛለሽ» ብለዋታል አለቃዋ አቶ ጸጋው። ሁለት ዓመት በኮንትራት ለተንከራተተች ልጅ ይህ ቀላል ቃል አይደለም።

ጠዋት ጠዋት በደሴ ብርድ ሹራቧን ደርባ ሚኒባስ ትሳፈራለች፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ኮምቦልቻ ስትገባ ሹራቡ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። አንድ ቀን፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረ ጭቃ ቦት ጫማዋ ተይዞባት ስትታገል ከኋላዋ ድምፅ ሰማች።

«አይጎትቱት። ተረከዝዎን ቀድመው ያንሱ፤ አለዚያ ይወድቃሉ።»

ዞር አለች። ረዘም፣ ቀጠን ያለ ወጣት ነው፤ የፋብሪካ ቱታ ለብሷል። እንዳላት አደረገችና ጫማው ወጣ።

«የማህበሩ ጸሐፊ ነኝ፤ አብዱልባሲጥ» አለ። «ሥራዬ ግን ኤሌክትሪክ ነው። ምን እየለኩ ነው?»

«ፍሳሻችሁ የሚጠራቀምበትን ጉድጓድ ቦታ።»

አፍንጫውን እስኪይዝ ጠበቀች። ሰው ሁሉ እንዲያ ነዋ! ሥራዋን ስትናገር የሰርግ ቤት ሴቶች እንኳ «ውይ! ሌላ ሥራ ጠፍቶ ነው?» ይሏታል። እሱ ግን ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብሎ የመሬቱን ተዳፋት በዓይኑ ተከተለ።

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ጄኔሬተር አለው።»

«ጄኔሬተሩ አልነሳም ሲልስ?»

«እስኪጠገን ድረስ ጉድጓዱ ሁለት ሰዓት ችሎ ይይዛል።» ከዚያ ሳቅ አለች። «ደግሞ እርስዎ አትበለኝ፤ ከአንተ አልበልጥም።»

«አብሽሪ፤ ትቻለሁ» አለና እሱም ሳቀ። ጥያቄው ያስደሰታት ይሁን ሳቁ፣ ያን ቀን ወደ ደሴ ስትመለስ ሹራቧን መልበስ ረስታ ሐረጎ ላይ ብርድ መታት።

ከዚያ በኋላ ከፈረቃ ሲወጣ እየመጣ የመለኪያ ዘንጉን ይይዝላታል። እሷ በመሣሪያዋ መስተዋት ታያለች፤ ዘንጉ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ ሲገባት አንዳንዴ ዓይኗ ከቁጥሩ ትንሽ ከፍ ይላል። እሱም ይህን ያውቃል፤ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ይዞ ይቆማል።

«እናቴ ሃያ ዓመት የሰው ግቢ ውስጥ ነው የኖረችው» አላት አንድ ቀን። «ልብስ ባጠበች ቁጥር እጣቢውን የት እንደምትደፋ አከራይ እየጠየቀች። የራሷ ቤት ገብታ ማንንም ሳትጠይቅ ስትደፋ ባየሁ፣ ወላሂ ሌላ አልመኝም።»

ማታ ኡሙሰልማ ንድፉ ላይ ስትቀመጥ ያቺን ሴት እያሰበች ነበር የምትስለው።

ንድፉ አለቀ። አቶ ጸጋውም ፈረሙበት። ከማህበሩ ስብሰባ በፊት ለጸሐፊው ልታሳየው ይዛው ወረደች። ልክ ልጇን ለሰው እንደምታሳይ እናት ነበረች። አብዱልባሲጥ ወረቀቱን ዘርግቶ ረጅም ጊዜ አየው።

«ይሄ ግቢው ውስጥ የሚሠራው መስጊድ ነው?»

«አዎ።»

«ስንት ውሃ ያወጣል አልሽ?»

«በቀን ስድስት ሺህ ሊትር።»

«በቀን ስትይ?»

«ለሃያ አራት ሰዓት አከፋፍዬ ነዋ!»

ከንፈሩ ጫፍ ላይ ፈገግታ መጣ። «ኢንጂነር፣ ሰው ለሶላት ታጥቦ ውዱእ የሚያደርገው ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ነው እንዴ? የአርብ ጁምዓስ?»

ፊቷ ጋለ።

«ፋብሪካ የሠራተኛው የውሃ ታንከር በእኔ ሥር ነው» ሲል ቀጠለ። «አርብ ስድስት ሰዓት ላይ ሙሉ የነበረው ስድስት ተኩል ላይ ግማሹ የለም። ሦስት አርብ ለክቼ ደብተር ላይ...»

«ስሌቱ የታወቀ ስሌት ነው!» አቋረጠችው። «ኤሌክትሪሻን ሆነህ እኔን ታስተምረኛለህ?»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ደነገጠች። እሱ አልተቆጣም። ደብተሩን ንድፉ ላይ አኖረና «እሁድ ነው ስብሰባው» ብሎ ብቻ ወጣ። ተከትላው ይቅርታ ልትል አስባ እግሯ እምቢ አላት።

የሚቀጥለው ቀን አርብ ነበር። የኡሙሰልማ አባት ሼህ ጀማሉዲን ደሴ ውስጥ ኢማም ናቸው። እሷም በቀትር ስልኳን ይዛ ከመስጊዱ አጥር ውጭ፣ የውዱእ ውሃ በሚወርድበት ቦይ አጠገብ ቆመች። ቦዩ ደረቅ ነበር። ከዚያ አዛን ከመሰማቱ በፊት ውሃው መጣ፤ ቦዩን ሞልቶ፣ ዳርቻውን እየላሰ ሃያ ደቂቃ ወረደ። ከዚያም ቆመ። ልጅነቷን ሙሉ በዚህ ቦይ የወረቀት ጀልባ ስትለቅ ያደገችው፣ ውሃው የሚሞላው አርብ አርብ መሆኑን እያወቀች ነው። እንዴት ረሳችው?

እዚያው አጥሩን ተደግፋ አሰላች። የመስጊዱ የጁምዓ ውሃና ሁለት መቶው ቤት ገላውን የሚታጠብበት ውሃ በአንድ ጊዜ ከመጣ ፓምፖቿ አይችሉም። ጉድጓዱ ሞልቶ ይገነፍላል። ፍሳሹ የሚተኛው ታችኛው ረድፍ፣ መጀመሪያው ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ቤቶቹ በእጣ ለማን እንደደረሱ የሚያሳየውን ዝርዝር ከቦርሳዋ አውጥታ የባለቤቱን ስም ፈለገች። «ወይዘሮ ፋጡማ ሱሌማን» ይላል። ከጎኑ «ተወካይ፦ ልጃቸው አብዱልባሲጥ» የሚል ተጽፏል።

አንድም ቃል አልነገራትም ነበር። ለእናቱ ብሎ ነው እንዳትለው መሆን አለበት።

«ኡሙ፣ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?» ሼህ ጀማሉዲን ከሶላት ወጥተው አጠገቧ ቆመዋል።

«አባዬ፣ ተሳሳትኩ።» ሁሉንም ነገረቻቸው።

አባቷ በጥሞና ሰሟት። «ነጃሳን ከሰው ደጃፍ ማራቅ ትልቅ ኸይር ሥራ ነው» አሉ። «አንቺ የያዝሽው ሥራ ጦሃራ፣ ንጽህና ነው፤ ታረሚዋለሽ። ስህተቱን ማን ነገረሽ?»

«አንድ ሰው።»

«አመሰገንሽው?»

ኡሙሰልማ አንገቷን ደፋች።

ያኑ ዕለት ከሰዓት አቶ ጸጋው ቢሮ ገባች። ሰውዬው ክፉ አልነበሩም፤ ጣጣ አይወዱም እንጂ። «ተፈርሞ አልቋል» አሏት። «ከተሠራ በኋላ ሌላ ፓምፕ ይጨመርበታል። አሁን ሰው ፊት ተሳስቼ ነበር ብትዪ የሚበላሸው ያንቺ ስም ነው። የቋሚነትሽን ነገር እኔም ማቅረብ አልችልም።»

እሁድ ማህበርተኛው በሙሉ የግንባታው ቦታ ላይ ተሰበሰበ። ንድፉ እንጨት ላይ ተወጥሯል። የቀረው የጸሐፊው ፊርማ ነው። አብዱልባሲጥ እስክሪብቶውን ያዘ፤ መልሶ አስቀመጠው።

«እኔ አልፈርምም» አለ።

ጉምጉምታ ተነሳ። «ምን ሆኖ ነው?» «ሁለት ዓመት መጠበቃችን አነሰው?» «ምክንያቱን ይናገራ!» እሱ ዝም። ከሁሉ የባሰው የእናቱ ነበር። ወይዘሮ ፋጡማ ከሴቶቹ መሃል ተነስተው «አንተ ልጅ፣ እኔ በሰው ቤት ልሙት ነው የምትል?» አሉት። አብዱልባሲጥ ጆሮው ድረስ ቀላ። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ ኡሙሰልማን አያት፤ ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

በዚያች እይታ ውስጥ ወቀሳ ፈለገች፤ አጣች። ቢናገር ይድን ነበር። ቃሉን ለእሷ ትቶላት፣ የሰው ስድብ እየጠጣ ቆሟል። አቶ ጸጋውም፣ ቋሚነቱም ታወሷት። ይሁንና ተነሳች።

«ስህተቱ የእኔ ነው» አለች። «እሱ ነግሮኝ ነበር፤ ተቆጣሁት።» ከዚያ ሁሉንም ለሁሉም በሚገባ ቋንቋ አስረዳች፤ በኢማም አባቷ መስጊድ ቦይ ያየችውን፣ ጁምዓን እንደ ሌላው ቀን እንደቆጠረችው፣ ጉድጓዱ ገንፍሎ ማን ደጃፍ እንደሚተኛ። «ሦስት ሳምንት ስጡኝ። አሳልፌ አልሰጣችሁም።» ወደ አብዱልባሲጥ ዞረች። «አንተንም ጀዛከላሁ ኸይር። ከአርብ ጀምሮ ልልህ የሚገባኝን ነው አሁን የምልህ።»

ድንገት ወይዘሮ ፋጡማ በሳቅ ፈነዱ።

«አይ የዛሬ ልጅ! የሼህ ልጅ ሆነሽ ውዱእን ረሳሽው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ሦስት ሳምንቱ ተፈቀደ።

ሰው ሲበተን አብዱልባሲጥ የመለኪያ ዘንጉን ይዞላት እስከ አስፋልት ሸኛት።

«ለምን ዝም አልክ?»

«ስህተቱ ያንቺ ነው፤ የመናገሩም መብት ያንቺ ነው» አለ። ዘንጉን ወደ ትከሻው አዛውሮ ጨመረበት፦ «እንደምትናገሪም አውቅ ነበር።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ዘንግ ይዤ ሁለት ወር አይቼሻለሁ። ቁጥር ሲያጠራጥርሽ ደግመሽ ትለኪያለሽ።»

ሚኒባሱ ሲመጣ ሁለቱም አላዩትም። አለፋቸው።

አዲሱ ንድፍ ሰፋ ያለ ጉድጓድና ሦስተኛ ፓምፕ ነበረው። አቶ ጸጋው እንደፈሩት ቋሚነቱ በዚያ ዓመት ለሌላ ሰው ሄደ፤ ኡሙሰልማ አንድ ዓመት በኮንትራት ቀጠለች። ከፍቷት ነበር፤ አልከፋኝም ብትል ውሸት ነው። ይሁን እንጂ ጎን ለጎን የመጣላትን ስትመዝነው ለማማረር አፈረች።

ሽማግሌዎች ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በወጡ ጊዜ ሼህ ጀማሉዲን አስተናግደው፣ ዱዓ አድርገው፣ «ልጁን ራሱን አምጡልኝ» አሉ። አብዱልባሲጥ መጣ።

«ልጄን በምን ወደድካት?»

«ስህተቷን ነገርኳት፤ ተቆጣችኝ» አለ። «ከዚያ ማንም ሳያስገድዳት፣ በሰው ሁሉ ፊት አመሰገነችኝ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር መኖር እፈልጋለሁ።»

ሼሁ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ለካ ያ ‹አንድ ሰው› ያለችኝ አንተ ነህ!» አሉ፤ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። ልጃቸውን አስጠሩ። «ኡሙ፣ የልጃገረድ ዝምታ ፈቃድ ነው። ዝምታሽን ልውሰደው?»

«አይ አባዬ፣ ዝም አልልም» አለች። «እፈልገዋለሁ።»

«መህርሽስ፣ ልጁ የሚሰጥሽ ስጦታ፣ ምን ይሁን?»

«ደብተሩ። አይቼ የመለስኩለት፣ ሦስቱ አርብ የተጻፈበት።»

ሽማግሌዎቹ ግራ ተጋብተው ተያዩ። አብዱልባሲጥ ግን ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። በኋላ ከደብተሩ ጋር ቀለበት ጨመረበት፤ እሷ የምታስበልጠው ግን ደብተሩን ነው።

ሰዉ ቤቱን በተረከበ በመጀመሪያው አርብ፣ ሁለቱ ባለትዳሮች ቀትር ላይ ከተከፈተው የፓምፕ ጣቢያ ክዳን አጠገብ ቆመው ነበር። ውሃው መጣ። አንደኛው ፓምፕ ተነሳ፣ ሁለተኛው ተከተለ። ፍሳሹ እየጨመረ የመገንፈያ ልኩን ወደሚያሳየው ቀይ ምልክት ሲጠጋ ኡሙሰልማ የባሏን ክንድ ጨመደደች። ሦስተኛው ፓምፕ አጓራ። ከምልክቱ አንድ ስንዝር ሲቀረው ውሃው ቆመ፤ ቀስ እያለም መውረድ ጀመረ።

«አልሀምዱሊላህ» አለች።

ማዶ፣ ከመጀመሪያው ቤት፣ ወይዘሮ ፋጡማ የልብስ እጣቢ ይዘው ወጡ። ማንንም አልጠየቁም። ግቢያቸው ውስጥ ካለው ማፍሰሻ ላይ ደፍተውት ሳፋውን አራግፈው ገቡ። አብዱልባሲጥ እዚያው ደርቆ ቀረ። የሚስቱን እጅ ፈልጎ ያዘ።

አዛን ሲሰማ ብንን አለ። «ወይኔ! ውዱእ እንኳ አላደረግሁም!»

«ሂድ» አለች ኡሙሰልማ፣ እንባዋን በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች። «ያንተንም ውሃ ቆጥሬዋለሁ።»