ከሟቹ ጥርስ መካከል የወጣው ነሐስ

ያላመነኝ አይመነኝ... ይህ የደረሰው በእኔ ቤት፣ በእኔው ባል ላይ ነው።

ሐምሌ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። በብሪንዲዚ ገጠር በዚያ ሰዓት ውሻ እንኳ ደጅ አይወጣም። መስኮት ተዘግቶ ይተኛል። ሙታን የሚንሸራሸሩት በሌሊት ሳይሆን በዚያ ፀሐይ ነው ይባላል።

ባሌ ኦሮንዞ ግን ግትር ነው። በዚያ ሰዓት የወይራ ሥር ሲቆፍር የራስ ቅል አገኘ። በጥርሶቹ መካከል ደግሞ... የጥንት ሮማውያን የነሐስ ሳንቲም።

የራስ ቅሉን እዚያው ትቶ ሳንቲሙን ይዞ መጣ።

"መልስ!" አሉ እናቱ እያማተቡ። "የሟች መሻገሪያ ነው! ወደ ሙታን አገር ለሚያሻግረው ጀልበኛ የሚከፍለው!"

"እማዬ፣ በሁለት ሺህ ዓመት ካልተሻገረማ ይዋኛ!"

እኔም ሳቅሁ። ምነው ያኔ ጥርሴ በረገፈ።

ሳንቲሙን የወይራ ዘይት ውስጥ ነክሮ አሳደረው። በነጋታው ዝገቱን በእንጨት ስንጥር ይፍቅ ጀመር። በአንድ በኩል የመርከብ አፍንጫ ብቅ አለ። በሌላው በኩል ማጅራት ለማጅራት የተጣበቁ ሁለት ፊቶች... አንደኛው ጢማም ሽማግሌ ነው። ሁለተኛው ገና ዝገት ለብሷል።

"አፌን ነሐስ ነሐስ ይለኛል" አለ እየፋቀ።

ከንፈሩን አየሁት። ጠርዙ አረንጓዴ ሆኗል...

"ተወው በቃ!"

"ትንሽ ነው የቀረኝ።"

ሁለተኛው ፊት ወጣ። ጢም የለውም። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ። ኦሮንዞ ወይራ ሲለቅም ከመሰላል ወድቆ የተሰፋው እዚያው ላይ ነው።

ባሌ ስንጥሩን አስቀመጠና አልጋው ላይ ተንጋለለ። ክፍሉ ባሕር ባሕር ሸተተኝ። ባሕሩ ከእኛ ሩቅ ነው።

"ጀልባው ቀርቧል..." አለ በሹክሹክታ።

"የምን ጀልባ? ኦሮንዞ!"

ዓይኑ ጣሪያው ላይ ፈጦ ቀረ።

ሳንቲሙን ለሟቹ ልመልስ በዚያ ክፉ ሰዓት ወደ ወይራው ሥር ሮጥኩ። የራስ ቅሉ እዚያው ነበር... ግን ጥርሱን ግጥም አድርጎ ነክሷል። ታገልኩ። ለመንኩት። አለቀስኩ። አልከፍትም አለ።

ቤት ስመለስ አፉን ከፍቶ የጠበቀኝ ባሌ ነበር።

ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው። ይተነፍሳል፣ ሾርባ ይውጣል፣ አይናገርም። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን እጄን እያየ አፉን ይከፍታል። ሳንቲሙን ባጎርሰው ይሄድብኛል። ብከለክለው እንዲህ እንዳፈጠጠ ይኖራል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ጨንቆኛል።

ሳንቲሙን በጨርቅ ቋጥሬ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ቁልፉ ከአንገቴ አይወርድም።

ትናንት ቋጠሮውን ፈታሁት...

ሳንቲሞቹ ሁለት ሆነዋል። ሁለተኛው ገና ዝገት እንደለበሰ ነው። እኔንም አፌን ነሐስ ነሐስ ይለኝ ጀምሯል።