በጋቢ የተጠቀለለች ልጅ

ጎሹ አሜሪካ፣ ሎረንስቪል ውስጥ በእነ ሀብታሙ ቤት፣ ደረጃው ሥር፣ አንገቱ ተሰብሮ ሞቶ ተገኘ። የቤተሰቡ ቃል አንድ ነበር፦ የገፋችው ሩሐማ ናት። የቤቱ ልጅ ሩሐማ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ኦቲዝም አለባት፤ አትናገርም። የካውንቲው የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛ ወደ ማቆያ ተቋም ሊወስዳት በር ላይ ቆሟል።

«ጎሹ እዚህ ምን ይሠራ ነበር?» አለች መርማሪ ነዒማ።

«ቴራፒ» አለች እናቲቱ ሕይወት። «አጥብቆ ይይዛታል። ስትጮኽ ቆይታ፣ ደክሟት ዓይኑን ስታየው ይለቃታል።»

«ሐኪሞች እኮ ይሄን የጣሉት ድሮ ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? የሐኪሞቹ ዌይቲንግ ሊስት መቼ ያልቃል!»

«አንተስ ሀብታሙ?»

«ሥራ ነበርኩ» አለ አባትየው። «ሞተ ብላ ሕይወት ኮል ስታደርግልኝ መጣሁ።»

ነዒማ በመስኮቱ ውጭ የቆሙትን መኪኖች አየች። ከዚያ ወደ አያቲቱ ዞረች። «እማማ ወለተሥላሴ፣ እርስዎስ?»

«እኔማ ታች ወጥ ቤት ነበርኩ፣ ልጄ። ጓ ሲል ሮጥኩ። ላይ ወጥቼ ምስኪኗን ከጋቢው የፈታኋት እኔ ነኝ። ሰውዬው ሲጠቀልል እኮ እንደ ሬሳ ነው!»

ሕይወት ዓይኗን ጨፈነች።

ነዒማ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች።

«ጎሹ ሲወድቅ ሩሐማ እጆቿ ጋቢው ውስጥ ታስረው ነበር። የታሰረ ሰው አይገፋም። እማማ ታች ነበሩ። ሀብታሙ፣ መኪናህን የት ፓርክ አደረግህ?»

«ወደ ጋራዡ በሚያስገባው ድራይቭዌይ ላይ።»

«አዎ፣ ጋራዡን ተጠግታለች። የጎሹ መኪና ከኋላ ዘግቷታል፤ ግራ ቀኙ ግንብ ነው። ከሞተ በኋላ ከመጣህ በላዩ በርረህ ገባህ? እሱ ሳይመጣ ቤት ነበርክ። እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው ለምን ሥራ ነበርኩ ይላል?»

ሀብታሙ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«ተኝቶባት ነበር። ትንፋሽ አጥሯት ከንፈሯ ጠቁሯል። ልቀቃት ስለው ‹ልትሸነፍ ነው፣ ታገሥ› አለኝ። ጎትቼ ከክፍሉ አስወጣሁት። ተመልሶ ሊገባ ሲል ገፋሁት።»

«ይሄን ብትነግረን ማን አይሰማህም ነበር?» የነዒማ ድምፅ ከፍ አለ። «ነፍሷን አድነህ ነፍሰ ገዳይ አልካት!»

«ልጅ አትታሰርም ብለን ነው» አለች ሕይወት።

«መታሰርንማ ከሁላችን በላይ እሷ ታውቀዋለች» አለች ነዒማ።

ሀብታሙን ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። የካውንቲው ሠራተኛ ብቻውን ሄደ። ሕይወት እያለቀሰች ልጇን ልታቅፍ ተነሣች፤ ሩሐማ እስከ ግድግዳው አፈገፈገች። እናት እንደ ልማዷ ልትከተላት አንድ እግሯን አነሣች። ከዚያ ክንዶቿን አውርዳ፣ ባለችበት ወለሉ ላይ ተቀመጠች።